ኢሜይሉ የት ቀረ?

«እኛ ልከናል፤ እነሱ አልደረሰንም ይላሉ።» የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን አቤቱታ ሳይሰማ የሚያልፈው ሳምንት የለም። አቤት ባዩ የነገረኝ አንድ ችግር ይመስለዋል፤ እኔ ግን አራት እሰማለሁ። ምናልባት መልእክቱ ከላኪው ሰርቨር ጨርሶ አልወጣም። ምናልባት ወጥቶ የተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ምናልባት ተቀብሎት ስፓም ውስጥ ከቶታል። ወይም ደግሞ ኢንቦክስ ገብቶ፣ ተቀባዩ ሳያየው ከሌሎች መልእክቶች በታች ወርዷል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ዶሜይን የሚቀይር፣ አዲስ አይፒ የሚገዛ፣ የደብዳቤውን ቃላት የሚለዋውጥ ባለሙያ ሳይ አዝናለሁ። ድካሙ ከንቱ ከመቅረቱም በላይ፣ ቀድሞ የነበረውን ጥቂት እምነት ያፈርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ተመልሶ የመጣ ነገር አለ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «አዎ፣ የሆነ እንግሊዝኛ መጥቶ ነበር፤ አጠፋሁት» የሚል ነው። የጠፋው ግን ዋናው ማስረጃ ነው። ባውንስ የምንለው ይህ መልስ ውስጥ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ። በ4 ከጀመረ «አሁን አልቀበልም፤ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። በ5 ከጀመረ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ቀጥለው በነጥብ የተለያዩት ቁጥሮች ምክንያቱን ይናገራሉ። 5.1.1 እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም ማለት ነው። ጂሜይል 5.7.26 ብሎ ሲመልስ ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም ማለቱ ነው፤ 4.7.28 ሲል ደግሞ ያልተለመደ ብዛት ስለመጣብኝ ፍጥነቱን ገድቤያለሁ ማለቱ ነው። እነዚህን መስመሮች ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

ጊዜያዊው እምቢታ በእኛ አገር ቢሮዎች የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረበ ግሬይሊስቲንግ የሚባል ዘዴ አለ። የማያውቀውን ላኪ በመጀመሪያው ሙከራ «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ትክክለኛ ሰርቨር ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ ስፓም የሚረጭ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የኢሜይል ደንቡም ላኪው ሰርቨር ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እየደጋገመ እንዲሞክር ይመክራል። ሰርቨሩ ግን ቢሮ ጥግ ተቀምጦ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ፣ ወይም ዓርብ ማታ ጠፍቶ ሰኞ የሚነሳ ከሆነ ያ ድጋሚ ሙከራ በሰዓቱ አይደረግም። እንዲህ ያለ ቢሮ ስለ ስፓም ማጣሪያ ከመማሩ በፊት ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ሰዓትም ያሳስታል። ጸሐፊዋ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁት» ትላለች። ኮምፒውተሯ 9:00 ብሎ ያሳያል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ሎጉ ላይ 06:00 ተጽፏል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሎጉን 3:00 ላይ የከፈተ ሰው ምንም አያገኝም፣ ይባስ ብሎም የሌላ ሰው መልእክት አግኝቶ በዚያ ይፈርዳል። እኔ ጥያቄዬን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ?» ብዬ ሳላጠራ ሎግ አልከፍትም።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ብዙ ያስተማረኝ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ጉዳይ ነው። ድርጅቱ ለጀርመን ገዢዎቹ የላካቸው ደብዳቤዎች አንዳንዴ ይደርሷቸዋል፣ አንዳንዴ ስፓም ውስጥ ያድራሉ። በቡና ንግድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገዢው ናሙናውን ቀምሶ ከወደደው ዋጋ ይጠይቃል፤ የአረቢካ ዋጋ ደግሞ የኒውዮርክን ገበያ እየተከተለ በየሰዓቱ ስለሚንቀሳቀስ ዛሬ የተሰጠ ዋጋ ነገ ላይሠራ ይችላል። ስፓም ውስጥ ሁለት ቀን የተኛ ኦፈር ዋጋ የለውም። ባለቤቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሰዎቹ እኮ ችላ ያልኳቸው እየመሰላቸው ነው» አሉኝ። ጭንቀታቸው ገባኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰባቸው ለብዙ ዓመት የገነቡት ወዳጅነት ነበር።

ድርጅቱ ውስጥ የነበረው ምክር አዲስ ዶሜይን እንግዛ የሚል ነበር። ያ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ማስጀመር ስለሆነ ገዢው ጋ የደረሰውን መልእክት ሙሉ ሄደር አስልኩልኝ አልኩ። ሄደር፣ ማለትም ከመልእክቱ ጋር የሚሄደው የጉዞ መዝገብ፣ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ ታችኛው መስመር መልእክቱ የተነሳበት፣ ላይኛው የደረሰበት ነው። ወደ ላይኛው ጫፍ ጠጋ ብሎ የተቀባዩ ሰርቨር የማንነት ምርመራውን ውጤት ይጽፋል። እዚያ ያገኘሁት ሦስት ነገር ነው፤ ኤስፒኤፍ በስህተት ተቋርጧል፣ ዲኪም በሌላ ዶሜይን ስም አልፏል፣ ዲማርክ ወድቋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ኢሜይል የሚጓዝበትን ደንብ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጽፍ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ። ደንቡ ላኪውን ማንነትህን አረጋግጥ አይለውም። ማንም ሰው በማንም ስም መላክ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት መሣሪያዎች ያንን ክፍተት የሚደፍኑ ናቸው። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዲኤንኤስ በሚባለው የዶሜይኖች ማውጫ ላይ ይዘረዝራል። ዲኪም እያንዳንዱን መልእክት በምስጢር ቁልፍ ይፈርማል፤ ተቀባዩም ዲኤንኤስ ላይ ባለው የአደባባይ ቁልፍ ፊርማውን ያመሳክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ያስተሳስራል፤ የተረጋገጠው ዶሜይን ተቀባዩ በዓይኑ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር መግጠም አለበት ይላል፤ ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውንም የዶሜይኑ ባለቤት እንዲወስን ያስችላል።

ቡና ላኪው ድርጅት ዌብሳይቱን ያሠራ ጊዜ ሆስቲንግ ኩባንያው አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ጽፎለት ነበር። ኋላ ኢሜይሉ ወደ ጉግል ሲዛወር ሌላ ሰው ሁለተኛ መዝገብ ጨመረ። ማንም የመጀመሪያውን አላየም። ደንቡ ለአንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ይመረጣል ማለት ሳይሆን ሁለቱም ከንቱ ይሆናሉ። መፍትሔው ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ማዋሃድ ነው። ሲዋሃዱም ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ እንዳያስነሱ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከ10 ካለፈ ምርመራው እንደገና ይቋረጣል።

ዲኪሙ የበለጠ ስውር ነበር። ጉግል አስተዳዳሪው ዲኪምን ራሱ እስኪያበራው ድረስ መልእክቱን የሚፈርመው በራሱ ዶሜይን ነው። ፊርማው ትክክለኛ ነው፤ ግን የድርጅቱ ፊርማ ስላልሆነ ዲማርክ አይቆጥረውም። አብርተን ባለ 2048 ቢት ቁልፉን ዲኤንኤስ ላይ ስናስገባ ሌላ እንቅፋት ገጠመን። አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ፊደል በላይ ሊይዝ ስለማይችል የሆስቲንግ ፓነሉ ቁልፉን ዝም ብሎ ቆርጦታል። በሁለት ቁራጭ ከፍለን ማስገባት ነበረብን። የገባውን ከውጭ ሆኖ እንደገና ማንበብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማልተወው ልማድ ሆኗል፤ ፓነሉ «ተቀምጧል» ስላለ ብቻ አላምነውም።

ሦስቱ ሲስተካከሉ ደብዳቤዎቹ በማግስቱ ሁሉም ኢንቦክስ ገቡ ብል ደስ ባለኝ። አልገቡም። ማጣሪያው ለወራት ያየውን አይረሳም። ማንነትን ማረጋገጥ «ይህ ሰው እውነትም እሱ ነው» ያሰኛል እንጂ «ደህና ሰው ነው» አያሰኝም። ሰው አዲስ ሰፈር ሲገባ መታወቂያ ስላሳየ ብቻ ጎረቤት የቤቱን ቁልፍ አይሰጠውም፤ ለቅሶ ሲደርስ፣ እድር ሲከፍል፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ ቆይቶ ነው የሚታመነው። ዋርም አፕ፣ በእኛ አነጋገር ማሟሟቅ፣ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። ገዢዎቹን በስልክ ጠይቀን ደብዳቤዎቹን ከስፓም እንዲያወጡ፣ አድራሻውን እንዲመዘግቡና መልስ እንዲጽፉ አደረግን። ከዚያ በኋላ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ እያደገ መጣ። ሰው የሚመልስለት ላኪ ከሁሉ ይበልጥ ይታመናል።

ይህን የምለው ማሟሟቅን እንደ ማታለያ የሚያዩት ስለበዙ ነው። በክፍያ የሚያሟሙቁ አገልግሎቶች አሉ። በሺህ የሚቆጠሩ የመልእክት ሳጥኖች እርስ በርሳቸው ይላላካሉ፣ በፕሮግራም ይከፍታሉ፣ ከስፓም ያወጣሉ፣ መልስ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግል በጂሜይል ላይ እንዲህ ያለ አገልግሎት ይሰጥ የነበረ ድርጅት ሥራውን እንዲያቆም አስገድዷል። እገዳው ባይኖርም እኔ አልመክረውም። ማጣሪያው እያንዳንዱን ተቀባይ ለብቻው ያጠናል፤ በፍራንክፈርት ያለ ቡና ገዢ ያንተን ደብዳቤ ይወደው እንደሆነ አንድ ሺህ የማይኖሩ ሰዎች ሊመሰክሩልህ አይችሉም። ሰው ሠራሹ ልውውጥ በቆመ ማግሥትም እውነተኛው ቁጥር ብቻውን ይቀራል።

ትልቁን የማሟሟቅ ችግር የማየው ግን በንግድ ድርጅቶች ሳይሆን በማኅበራትና በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ነው። ወቅቱም የታወቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ማኅበር መስከረም 1 ጠዋት ላለው አድራሻ ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ይልካል። ለማጣሪያው የሚታየው ለወራት ድምፁ ያልተሰማ ዶሜይን በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር መልእክት ሲለቅ ነው። የተጠለፈ ሰርቨርም የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው። ደግ ሐሳብና ክፉ ሥራ በቁጥር ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ማጣሪያው መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ቁጥሩን ነው።

የአድራሻው ዝርዝር ከየት እንደመጣም ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው የሚሰበሰበው ከስብሰባና ከሥልጠና መገኘት መፈረሚያ ወረቀት ነው። ተሳታፊው ሻይ ለመውጣት እየቸኮለ በእጁ ይጽፋል፤ ጸሐፊዋ ከሳምንት በኋላ እየገመተች ወደ ኤክሴል ታስገባለች። «ዩ» ይሁን «ቪ»፣ «አንድ» ቁጥር ይሁን «ኤል» ፊደል አይለይም። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የጂሜይል አድራሻ የሚከፈትለት ስልክ ሲገዛ ነው፤ የስልክ ቤቱ ልጅ ይከፍትለታል፣ ስልኩ ሲቀየር የይለፍ ቃሉ ተረስቶ ሌላ ይከፈታል። ጉግል ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን ማጥፋት ጀምሯል። ያሁም በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ያቆሙ ስሞችን ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ለቋል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት በትክክል የተጻፈ አድራሻ ዛሬ ወይ ሙት ነው፣ ወይ የማያውቅህ ሰው እጅ ገብቷል፣ ወይ ስፓመኞችን ለመያዝ የተቀመጠ ወጥመድ ሆኗል።

የሚፈቀደው ስህተት ደግሞ ጠባብ ነው። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገደዱት ደንብ ብዙ ለሚልኩ ሦስቱንም የማንነት ማረጋገጫዎች ይጠይቃል፤ ለጉግል «ብዙ» ማለት በቀን ወደ ጂሜይል 5,000 አካባቢ ነው። ማይክሮሶፍትም በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ለአውትሉክና ለሆትሜይል ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። «ይህ ስፓም ነው» ብለው የሚጫኑ ተቀባዮች ከ0.3 በመቶ እንዳይደርሱ፣ ቢቻል ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ጉግል ይፈልጋል። ከ1,000 ሰው ሦስቱ ከተጫኑ አደጋው ጋ ተደርሷል። ሦስት ሰው እኮ አንድ የእራት ጠረጴዛ አይሞላም። ጉግል ለላኪዎች ያዘጋጀው ፖስትማስተር ቱልስ ይህን ቁጥር ያሳያል፤ ነገር ግን መጠኑ ትንሽ ለሆነ ላኪ ገጹ ባዶ ስለሚሆን የእኛ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚያዩት ነገር የለም። ያን ጊዜ የቀረው መለኪያ ባውንሱና ሰዎች የሚሰጡት መልስ ነው።

ማኅበራቱን የምመክራቸው እንቁጣጣሽን ከሐምሌ እንዲጀምሩት ነው። መጀመሪያ ላለፈው ስብሰባ መልስ ለሰጡ፣ የአባልነት ክፍያ ለከፈሉ፣ ለሚያውቋቸው ሰዎች ብቻ ይላክ፤ የሚላከውም ባዶ ሰላምታ ሳይሆን አባሉ የሚፈልገው ነገር ይሁን፣ የሥልጠና ቀን፣ የስብሰባ ውሳኔ፣ የክፍያ ደረሰኝ። በሃምሳ ተጀምሮ ባውንስና ቅሬታ ካልታየ ቀስ እያለ ይጨምር። በመካከል 4.7.28 ከመጣ ባለበት ይቁም፤ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመልሶ ጥቂት ቀን ይቆይ። 5.1.1 ያለው አድራሻ ሁሉ ያኔውኑ ይውጣ፤ «ምናልባት ይመለስ ይሆናል» ብሎ ማቆየት ዝርዝሩን ይመርዘዋል። ሁለት በዓል ሙሉ አንድም ጊዜ ያልከፈተውን ሰው መተው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራ አስኪያጆች የዝርዝሩን ርዝመት እንደ ሀብት ይቆጥሩታል። በዚህ ነጥብ ላይ ግን አልደራደርም።

ስለ ይዘቱም አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየኮምፒውተሩ የተለያየ ፎንት ስለነበር አማርኛ ደብዳቤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የዚያ ዘመን መፍትሔ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መላክ ነበር፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ልማዱ ቀረ። ዛሬም አደይ አበባ ያለበት አንድ ትልቅ ምስል ብቻ ይዞ፣ አንድም የተጻፈ ፊደል ሳይኖረው የሚሄድ የበዓል ካርድ ብዙ ነው። ስፓመኞች ቃላቸውን ከማጣሪያ ለመደበቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ስለሆነ ማጣሪያው ይጠረጥራል። መልካም ምኞቱ በፊደል ይጻፍ፤ ምስሉ ከሥር ይከተል።

ርእሱ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በዩቲኤፍ-8፣ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ የአንድ አማርኛ ፊደል ክብደት ሦስት ባይት ነው። የኢሜይል ርእስ ደግሞ በኮድ ተለውጦ፣ ቢበዛ 75 ምልክት በሚይዙ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው፤ ሲሰላ በአንድ ቁራጭ 15 ፊደል ያህል ብቻ ይገባል ማለት ነው። አንዳንድ የመላኪያ ፕሮግራም ቁራጩን ፊደሉ መካከል ላይ ይሰነጥቀዋል፤ ተቀባዩም ከርእሱ መሐል የጥያቄ ምልክት ወይም ጥቁር አልማዝ ያያል። እንዲህ ያለ ርእስ ለሰውም ለማሽንም አጠራጣሪ ነው። ከወርድ ተገልብጦ የተለጠፈ ረጅም ጽሑፍም በድብቅ ኮድ ያብጣል፤ ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ይቆርጠዋል። የሚቆረጠው ታችኛው ክፍል ነው፤ «ከዝርዝሩ አስወጡኝ» የሚለው ማስፈንጠሪያ ያለውም እዚያ ነው። መውጫውን ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል። አልወቅሰውም።

ስፓም ይልካሉ የተባሉ አድራሻዎች ስለሚመዘገቡበት ጥቁር መዝገብም ባጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ስፓምሃውስ ካሉት መዝገቦች አንዱ፣ ፒቢኤል፣ የጥፋት መዝገብ አይደለም፤ ከተራ የኢንተርኔት መስመር በቀጥታ ኢሜይል መውጣት የለበትም የሚል ፖሊሲ ነው። የቢሮ መስመር እዚያ ተመዝግቦ ሲገኝ ደንግጦ የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሰርቨሩ በ587 ፖርት በኩል በይለፍ ቃል ወደ ሌላ መላኪያ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይበቃል። እንዲሁም ተቀባዩ ወገን ስፓምሃውስን በጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ከጠየቀ 127.255.255.254 የሚል መልስ ያገኛል፤ ትርጉሙ «በዚህ በኩል አልመልስም» ነው። በአግባቡ ያልተዋቀረ ሰርቨር ግን ይህን «ተመዝግቧል» ብሎ አንብቦ የዓለሙን ሁሉ ደብዳቤ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የሚታረመው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው፤ ይህንንም በትሕትና ጽፎ ማስረዳት የሥራችን አካል ነው።

ከነዚያ ማኅበራት አንዱ አሁን የመገኘት ወረቀቱን አሠራር ቀይሯል። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ አለ። ተሳታፊው አድራሻውን ራሱ ይጽፋል፤ አጭር የማረጋገጫ መልእክት ወዲያው ይላካል፤ ሰውየው ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ ከፍቶ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ካልደረሰው ፊደሉ ወዲያው ይታረማል፤ ስፓም ውስጥ ካገኘውም በገዛ እጁ ያወጣዋል። ስልክ ያልያዘ ሰው አድራሻ ለብቻው ይቀመጥና ሲደወልለት ይረጋገጣል። ሰልፉ ትንሽ ይረዝማል፤ አስተናጋጆቹ አሁንም ይህን ያነሱብኛል።